የኔስቶርን ቤት ለበረዶ የዘጋን ዕለት

ኔስቶር ተሳቢ ቤቱን እየጎተተ ግቢያችን የገባ ቀን ስንዴው ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ሱሪው ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ እናቱ ወዲያው ካንሰር ነው ብዬ ደመደምኩ። ካንሰር አልነበረም። ሚስቱ ትታው፣ ሳስካቱን ከተማ የነበረውን ቤታቸውን ሸጠው ተለያይተው ነው። ለእሱ የቀረለት መኝታው፣ ምድጃውና መታጠቢያው ሁሉ እዚያው ውስጥ ያለ፣ በመኪና የሚጎተት ያ ቤት ብቻ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከእሱ ሌላ ልጅ የለኝም።

ባለቤቴ ኦረስት በረንዳው ላይ ቆሞ ያየዋል። ኦረስት ደስ ሲለውም ይቀልዳል፣ ሲከፋውም ይቀልዳል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬም የቱ እንደሆነ የማይገባኝ ጊዜ አለ። ያን ቀን፣ «አንዱን ቤት አፍርሰህ ሌላውን ጎትተህ መጣህ?» አለው። ኔስቶር አልሳቀም። ፎቅ ላይ ያለውን የልጅነት ክፍሉን አንሶላ ቀይሬ፣ መስኮቱን ከፍቼ ጠብቄው ነበር። አልገባበትም። ተሳቢውን ነፋስ ለመመከት ከተተከሉት ዛፎች ጀርባ አቆመው፤ ከጋራዡ የመብራት ገመድ ሳበ፣ የውሃ ጎማ ቀጠለ፣ እዚያው ኖረ። ምሳ እኔ ዘንድ ይበላል። አባቱ በጓሮ በር ሲገባ እሱ በፊት በር ይወጣል።

ሙቀቱ እስካለ ድረስ ይህም አላስጨነቀኝም፤ ዋሸሁ፣ አስጨንቆኛል፣ ግን የሚቻል ጭንቀት ነበር። መኸር ሲደርስ ኔስቶር የጎረቤታችን የሊዮና ባል ዘንድ ተቀጥሮ የእህል መኪና መንዳት ጀመረ። ፊቱ ተመለሰ። አንድ ቀን ከኮምባይነሩ አቧራ የተነሳ ቅንድቡ ነጥቶ መጥቶ፣ «እማ፣ ሽማግሌ ሆኜልሻለሁ፤ አሁን የጡረታ ቤት ፈልጊልኝ» ብሎ አሳቀኝ። ዳነልኝ አልኩ። ከዚያ ማለዳ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ መታየት ጀመረ።

አያቶቻችን ከዩክሬን መጥተው ይህን የካናዳ ሜዳ ካረሱበት ጊዜ ጀምሮ እዚህ አገር በረዶ ቀልድ አያውቅም። ከዜሮ በታች አርባ ይገባል፤ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል። ስለዚህ በጥቅምት ከሚውለው የምስጋና በዓል በፊት ሁሉም ሰው የሙቀት ወራት ዕቃውን ይዘጋል። ጀልባ ያለው ይገለብጠዋል፤ ሐይቅ ዳር ጎጆ ያለው መስኮቱን በጣውላ ይመታል። ተሳቢ ቤት ያለው ውሃውን አፍስሶ በረዶ የማይሆነውን ሮዝ ፈሳሽ በቧንቧው ውስጥ ይሰዳል፤ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ ሲረጋ አብጦ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋልና። በዓሉ አልፎ ያልተዘጋ ነገር የታየበት ግቢ ካለ፣ «እነ እገሌ ታመው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ኔስቶር አልዘጋም አለ። ዙሪያውን ገለባ ከምሬ፣ ከሥር በጣውላ ሸፍኜ እከርምበታለሁ፣ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ አለኝ።

ሊዮና ይህን ሰምታ ልትጠይቀኝ መጣች። ሊዮና ልታስፈራኝ ስትፈልግ «ሶንያ፣ እኔ ላስፈራሽ አይደለም» ብላ ነው የምትጀምረው። ከሐይቁ ማዶ የሚኖር አንድ ሰው ተሳቢ ቤቱ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ለኩሶ ተኝቶ በየካቲት ተገኘ አለች። የማሞቂያው ጢስ ሽታ እንደሌለው፣ ሰውዬው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ የተኛ ይመስል እንደነበር ነገረችኝ። ውሻውም ከእግሩ ሥር። ውሻውን ባትጨምርብኝ ምናለ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጢሱን አሰብኩ፤ እሳቱን አሰብኩ፤ የጣሪያው በረዶ ከብዶ ሲደረመስ አሰብኩ። ኦረስት «ይህች ሴት ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ትቀመጣለች» ይላል፣ እውነቱን ነው። ኔስቶርን ሦስት ጊዜ ለመንኩት። በሦስተኛው፣ «እማ፣ ያ ክፍል ውስጥ ከገባሁ ዳግመኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። እዚህ ግን የራሴ በር አለኝ» አለኝ። ቃሉን ሰማሁት። ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም።

ከምስጋና በዓል ቀደም ባለው ሐሙስ ማታ እራት ላይ ኦረስትን ጠየቅሁት። ኔስቶር ቅዳሜ እህል ጭኖ ሩቅ ሊሄድ ነው፤ የሚመለሰው እሑድ ነው፤ እስከዚያ የእሱንም ተሳቢ ዝጋው አልኩት። ውሃው ከፈሰሰ፣ ጋዙ ከተፈታ ወደ ቤት ከመግባት ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ኦረስት ማንኪያውን አስቀመጠ። አልቀለደም። «የሰው ቤት ነው ሶንያ» አለኝ። «ጎማ ስላለው ቤት መሆኑ አልቀረም።»

«በየካቲት ሬሳውን አንተ ታወጣዋለህ?» አልኩት።

ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ እንደማይችል አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የኔስቶር መኪና ከግቢው እንደወጣ ኦረስት ሮዙን ፈሳሽ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ከጋራዡ ወጣ።

ኦረስት ሥራ ሲሠራ አያዳላም። የጠላውንም ሥራ ይጠነቀቅለታል። ጋኑን አፈሰሰ፤ የውሃ ማሞቂያውን ቡሽ ፈትቶ ባዶ እስኪሆን ጠበቀው፤ ፈሳሹ ወደ ማሞቂያው እንዳይገባ መተላለፊያውን ዘጋ። ፓምፑን አስነስቶ ከቅርቡ ቧንቧ ወደ ሩቁ ሄደ። መጀመሪያ ውሃ ይወጣል፣ ቀጥሎ የደበዘዘ፣ በመጨረሻ የእንጆሪ ሽሮፕ የመሰለ ሮዝ። ያኔ ቧንቧው ይዘጋል። ጎማዎቹን በግንድ ላይ አሳረፈ። እኔ የውስጡን ሠራሁ። ፍራሹን አቆምኩት፤ የማቀዝቀዣውን በር በፎጣ ገትሬ ክፍት አደረግሁት፤ አይጥ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅሁ።

ያን ስሠራ ነው ያየሁት። ከአልጋው ራስጌ መደርደሪያ ሠርቷል፤ መጻሕፍቱን በቁመታቸው ደርድሯል። መስኮቱ ላይ በእጁ የሰፋው መጋረጃ አለ፤ ስፌቱ እንደ ዳክዬ አካሄድ ነው። ምድጃው ላይ በትንሽ ድስት ሾርባ ነበር። ከበሩ በላይ ደግሞ የማይሸተውን ጢስ ለይቶ የሚጮህ መሣሪያ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ እንኳ ከጫፉ ሙሉ በሙሉ ያልተላጠ። ሁለተኛው አልጋው አጠገብ። እኔ ሦስት ጊዜ ስለምነው እሱ ሄዶ ሁለት ገዝቷል።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ኦረስት፣ ተወው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በብርድ የሚተው ባትሪ ሁሉ ይወጣል ተብሎ ስለሚሠራ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ የሁለቱንም ባትሪ አወጣሁ። ሾርባውን ደፋሁት። ልብሱን አጣጥፌ ወደ ፎቅ ክፍሉ ወሰድኩት።

እሑድ ቀትር ላይ ተመለሰ። የቱርክ ዶሮው ምድጃ ውስጥ ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ነኝ። በመስኮቱ አየዋለሁ። ተሳቢው ውስጥ ገባ፤ ትንሽ ቆየ፤ ወጣ። ሮጦ አልመጣም። በዝግታ ነው የመጣው፤ እንደዚያ ሲራመድ አባቱን ይመስላል። ኦረስት በረንዳው ላይ ወጣ።

«ማነው ቤቴን የነካው?» አለ ኔስቶር።

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። አራት እርምጃ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ኦረስት። «ከምስጋና በዓል በኋላ እኔ ግቢ ውስጥ ውሃ የያዘ ተሳቢ አይቆምም።»

ኔስቶር ጠበቀ። የሚጨምረው ቃል ካለ እየጠበቀ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ቀልድም ቢሆን። ኦረስት አልጨመረም። እኔም አፌን ዘጋሁ። ልጄ ፎቅ ወጥቶ አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን ልብስ እንዳለ በሻንጣ ከቶ ወረደ። ጉንጬን ሳመኝና፣ «አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም እማ» አለኝ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። የቱርክ ዶሮውን ሁለታችን ለአምስት ቀን በላነው።

ያን ዓመት በረዶው ቀድሞ መጣ፣ ዘግይቶም ሄደ። ኔስቶር ሰሜን ወጥቶ ጋዝ በሚቆፈርበት ሥራ ያዘ፤ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ላይ የሚተኛበት ሠፈር ነው። በየአሥር ቀኑ በእኔ ስልክ ይደውልልኛል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ያ ሰውዬ አለ?» ብሎ ነው። ጋራዥ ነው ስለው ይናገራል፤ አለ ስለው ይዘጋዋል። አባዬ ሲል አልሰማሁትም። እኔም አላረምኩትም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአባቱ ቢቆጣ እናቱ ዘንድ ይመለሳል፣ በእኔ ከተቆጣ ግን ማን ዘንድ ይመለሳል? እንዲህ ብዬ ነው ነገሩን ለራሴ ያስተካከልኩት። እናት ብልሃተኛ ናት ይባላል።

አንድ ቀን፣ ከዜሮ በታች አርባ ሦስት የገባ ጊዜ ነው፣ ኔስቶር ስልክ ላይ አባቱ ልቡ ድንጋይ እንደሆነ ሲናገር ቆየ። እኔ እንዲረጋጋ ብዬ፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ጠባዩ ነው፤ እኔም ችዬው ነው የኖርኩት» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ዘወር ስል ኦረስት በሩ ላይ ቆሟል። ጫማው ላይ በረዶ አለ። በረዶው ከጫማው ላይ ይቀልጣል፤ ውሃው ወለሉ ላይ ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። ያን ያህል ጊዜ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ሾርባ ቀዳ፣ ቆሞ ጠጣ፣ ጓንቱን አጥልቆ መልሶ ወጣ። በመስኮቱ ሳየው መሰላሉን ተሳቢው ላይ አስደግፎ ጣሪያውን እየጠረገ ነው። የብረት አካፋ የጣሪያውን ሽፋን ይቀዳል ብሎ በፕላስቲኩ፣ ቀስ እያለ፣ ሁለት ጣት ያህል በረዶ ከሥር እየተወ። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል። ከመሰላሉ ይወድቃል ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ውጪ ወጥቼ መሰላሉን ብይዝለት ግን መነጋገር ሊመጣ ነው፣ ስለዚህ አልወጣሁም።

የእኛ ገና የሚውለው ሌላው ሰው ዛፉን አውጥቶ ከጣለ በኋላ ነው። በዋዜማው ሥጋና ወተት የሌለባቸው አሥራ ሁለት ዓይነት ምግቦች ይቀርባሉ፤ መጀመሪያ የሚቀመሰው በማር የተቀቀለው ስንዴ ነው። ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ አንድ ሰሃን ይቀመጣል። እኔ ሰሃኑን ካስቀመጥኩ በኋላ የኔስቶርን ኩባያ አምጥቼ አጠገቡ አደረግሁ።

ኦረስት ሻማውን ሊለኩስ መጥቶ ቆመ። «ለማን ነው?» አለኝ።

«ለኔስቶር።»

«ይሄ ሰሃን የሙታን ነው፤ የእናቴና የአባትሽ። ልጁ በሕይወት አለ። ኩባያውን አንሺው» አለኝ። ድምፁ አልጠነከረም። «የመጣ ቀን የራሱን ሰሃን ታወጪለታለሽ።»

በገዛ እጄ ልጄን ከሙታን ጋር እንዳስቀመጥኩት ገባኝ። ኩባያውን አንስቼ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ዋዜማውን ሙሉ ስልኬን ስነካካ አመሸሁ። በማግስቱ ደወለ፣ ደህና ነበር። መሣሪያ ወድቆበት አውራ ጣቱ ጠቁሯል ብቻ። ያን ጊዜ ልነግረው ነበር። ግን በዓል ነው፣ በበዓል ቀን አይሆንም አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓል ስላልሆነ አልነገርኩትም።

ሚያዝያ ሲያበቃ ደወለና ቅዳሜ ለተሳቢው እመጣለሁ አለኝ። ለተሳቢው ማለቱን ሰምቼ «እመጣለሁ» የምትለዋን ብቻ ያዝኩ። ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጀሁት። ውሃው ጥርት እስኪል ቧንቧዎቹን በሙሉ አስለቀቅሁ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፤ መጋረጃውን አጥቤ ተኮስኩ፤ ለጢስ ጠቋሚዎቹ አዲስ ባትሪ አስገባሁ። ኦረስት ባትሪውን ሞልቶ፣ ጎማውን ነፍቶ፣ የጎማውን ግራሶ ቀይሮ ከግንዱ ላይ አወረደው። አንድ አይጥ አልገባበትም፤ አንድ ቧንቧ አልተሰነጠቀም። ሊዮና ልታየው መጥታ፣ «ወይ ጉድ፣ የእኔን ባል ይህን ያህል ጠርጌለት አላውቅም» ብላ ሳቀች።

ኔስቶር ሲመጣ ወፍሯል። ጢም አሳድጓል። አባቱ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ወደዚያ አላየም። ሰሜን ላይ ቦታ ተከራይቻለሁ፣ ውሃና መብራት አለው፣ እዚያ ነው የማቆመው አለኝ። ቡናውም ኬኩም ከተሳቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እዚያ አብረን እንድንቀመጥ ብዬ ነው። አልተቀመጠም። ቧንቧውን ከፈተ፤ ንጹሕ ውሃ ወጣ። ዘጋው። መደርደሪያውን ዳሰሰ።

«በደንብ ዘግቶት ነበር» አለ። «ሥራ እንኳን ያውቃል። ከዚያ ሌላ ምን ያውቃል?»

ይህንን ሰባት ወር ሰምቼዋለሁ፣ ዝም ብዬ። ያን ቀን ግን ጋራዡ ውስጥ የኦረስት መዶሻ ይሰማኝ ነበር፤ የሚሠራው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፣ ባዶ ነገር ነው የሚመታው።

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁት» አልኩት።

ዞረ።

«አባትህ እንቢ ብሎኝ ነበር። የሰው ቤት ነው አለኝ። አልቅሼ ነው ያስገደድኩት። እነዚያን» ወደ ጠቋሚው አሳየሁት፣ «ባትሪያቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መግዛትህንም እያየሁ።»

ቀና ብሎ ጠቋሚውን አየ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«በጥቅምት ለምን አልነገርሽኝም?»

«በእሱ ብትቆጣ ወደ እኔ ትመለሳለህ ብዬ።»

«ማን ዘንድ ተመለስኩ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ሰባት ወር ሙሉ ስሰድበው ስልኩን ይዘሽ ትሰሚኝ ነበር» አለኝ። ይህን እንደ ጥያቄ አላለውም። ኬኩን በሳህኑ ክዳን ሸፈነው፤ ያን ለምን እንዳደረገ እስካሁን አላውቅም፤ ከዚያ ወርዶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

መዶሻው ቆመ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲወጡ ኦረስት የመጎተቻውን ሰንሰለት ይዟል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አያያዙት። ኦረስት የኋላ መብራቱን ሲያይ ኔስቶር ፍሬን ይረግጥለታል። «ግራው!» ይላል አባትየው። «አሁንስ?» ይላል ልጁ። ሊሄድ ሲል አባቱን አቀፈው፤ ኦረስት እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጀርባውን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገው። እኔን ጨበጠኝ። ጨበጠኝ እንጂ አልሳመኝም። መንገዱን በሰላም ያድርግልህ አልኩት፤ አሜን እማ አለ።

የዚያን ቀን ኦረስት እጁን ሲታጠብ፣ «ማን ንገሪው አለሽ?» አለኝ። «የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው። በእኔ መቆጣቱን ለምዶት ነበር እኮ።»

አሁን እሑድ እሑድ ይደውላል፤ በአባቱ ስልክ። ኦረስት ስልክ አይወድም ነበር፤ አሁን ከቀትር በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ይጠብቃል። ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ሳህን እያጠብኩ ሁለቱንም እሰማለሁ። ስለ ፓምፕ ያወራሉ፤ ስለ ጎማ ያወራሉ፤ ባለፈው ሳምንት ለበረዶው ገለባ ይሻላል ስፖንጅ ይሻላል ብለው ሲከራከሩ ኔስቶር፣ «አባዬ፣ አንተ ያረጀ ዕውቀት ነው የምትሸጥልኝ» ሲለው ኦረስት እስኪያስለው ሳቀ። ዘንድሮም እዚያው ውስጥ ሊከርምበት ነው። ስለ ጢሱ ልጠይቅ ፈልጌ ፎጣዬን ይዤ ጠጋ አልኩ። ያን ጊዜ ደህና ሁን ተባባሉ።

ኦረስት ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሰላም በልልኝ ብሎሻል» አለኝ።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። አላለም።

«እግዜር ይስጠው» አልኩና ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።